ቤተ ልሔም በከተማው ዳርቻ፦ የልደት ሰሞን የአምስት ቀን ጉዞ

ላለፉት አሥራ ሁለት ዓመታት የጌታን ልደት ያከበርሁት በሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዶሮው ይሠራል፣ ቄጤማው ይጎዘጎዛል፣ ቡናው ይፈላል፤ የጎረቤት ልጆችም ያጌጠ ዛፍ ያለበትን ቤት እየመረጡ ደረጃውን ሲወጡና ሲወርዱ ይውላሉ። ይህን ሁሉ እወደዋለሁ። ሆኖም በ2017 ዓ.ም. ጾመ ነቢያት ሲጋመስ አንድ ነገር ልቤን ይከነክነኝ ጀመር። ድንግል ማርያም ልጇን በጨርቅ ጠቅልላ በግርግም ማስተኛቷን ከሕፃንነቴ ጀምሮ ስሰማ የኖርሁ ሰው፣ ግርግም የሚባለውን የከብት መመገቢያ አንድ ቀን እንኳ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ከተማ ተወልጄ ከተማ ያደግሁ በመሆኔ በሬ የማየው በበዓል ዋዜማ፣ በገበያ ታስሮ ነው።

በዚያው ሰሞን ወዳጆቼ ወደ ላሊበላ ሊሄዱ ይሰናዱ ነበር። እዚያ በልደት ማለዳ ካህናቱ ከላይና ከታች በሁለት ተከፍለው፣ ከላይ ያሉት የመላእክት ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ሆነው «ቤዛ ኵሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ሲያሸበሽቡ ማየት ትልቅ በረከት መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ዓመት የፈለግሁት እረኞች የሚኖሩበትን ተራ ስፍራ ነበር፤ እሱም ከቤቴ ሩቅ አልነበረም። ከታኅሣሥ 26 እስከ 30 ያሉትን ቀናት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ እየዞርሁ አሳለፍሁ። የሚከተለው ከተመለስሁ በኋላ፣ በመንገድ ከያዝኋት ትንሽ ደብተር ላይ አስተካክዬ የጻፍሁት ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን፦ ሽሮ ሜዳና እንጦጦ

በስድስት ኪሎ በኩል ሽሮ ሜዳ ስደርስ ከረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። መንገዱ በነጭ ልብስ ተሞልቶ ነበር፤ ነጠላው፣ ኩታው፣ የሕፃናት ቀሚሱ በየሱቁ ደጃፍ ተንጠልጥሎ የሰውን ፊት እየነካ ያሳልፋል። ለሌሊቱ ብርድ ጋቢ ያስፈልገኝ ነበርና 2,500 ብር የተባለውን ተከራክሬ በ2,100 ወሰድሁ። ሻጩ እንጦጦ ላይ እንደማድር ሲሰማ አጣጥፎት የነበረውን ፈትቶ «ይህኛው ይሻልሃል» በማለት፣ ዋጋ ሳይጨምር፣ በወፍራሙ ለወጠልኝ። ይህን ጋቢ እስከ ጉዞው መጨረሻ ድረስ ከእኔ አልለየሁትም።

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጡ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ባሕር ዛፉ ይገባል። እኛ ስንወጣ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ እናቶች በጠርዙ ይወርዱ ነበር፤ ሸክሙ ከጀርባቸው ላይ ተጋድሞ ፊታቸው መሬት መሬት ያያል። የመጨረሻውን ዳገት በእግሬ ስሄድ አንዲት እናት ሸክማቸውን ከድንጋይ ላይ አሳርፈው ጠበቁኝና «ልጄ፣ እስቲ አንሣኝ» አሉኝ። ሁለት እጄን ከሥሩ አስገብቼ ሳነሣ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ እሳቸው ግን ገመዱን ደረታቸው ላይ አስተካክለው ቀና ለማለት እንኳ ሳይሞክሩ መንገዳቸውን ጀመሩ። ለማን እንደሚወስዱት ስጠይቃቸው «ሸጬው ሽንኩርትና በርበሬ እገዛለሁ፤ ለጌታ ልደት ቤቴ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው» አሉ። በዚያ ሰሞን አንድ ኪሎ ሽንኩርት 70 ብር ነበር። ሸክሙን ስንት እንደሚሸጡት ልጠይቃቸው አስቤ አፈርሁ።

እንጦጦ ማርያም ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅጥሩ ውስጥ ገብቼ ተሳለምሁ፤ ከዚያ በኋላ በአቅራቢያው ወደምትኖር የእናቴ የሥጋ ዘመድ ቤት ሄድሁ። እትዬ የምላት ይህች ሴት ባሏን ከቀበረች ወዲህ ብቻዋን ትኖራለች። ማታ የተልባ ፍትፍትና ጎመን አቀረበችልኝ። ብርዱ ግን ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ ከተማው ከታች በመብራት ተጥለቅልቆ ሲታይ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ርቀት ላይ ይህን ያህል ብርድ መኖሩ ገረመኝ።

ከሰል ዳር ተቀምጠን እትዬ ስለ ጾሙ አነሣች። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾሙትን ቀናት በጣቷ እየቆጠረች፣ አርባው የነቢያት፣ ሦስቱ በጾምና በጸሎት ተራራ የፈለሰበት የፓትርያርኩ የአብርሃም ሶርያዊ፣ አንዱ ገሀድ የሚባለው የዋዜማ ጾም መሆኑን አስረዳችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «ዋናው ግን የአዳም ነገር ነው» አለች። ጌታ አዳምን ከገነት ሲያስወጣው በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ ብሎ ቃል ገብቶለታል፤ በእግዚአብሔር ዘንድ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና ያ 5,500 ዓመት ሆነ። በአዲስ ዓመት ዓመተ ዓለሙ ሲታወጅ፣ ለ2017 ዓ.ም. 7,517 ሲባል፣ የምንቆጥረው እንግዲህ ይህንኑ ነው፤ 5,500ው የመጠበቂያ፣ የቀረው የተቀበልንበት። እኔ ይህን ስሌት በትምህርት ቤት የወንጌላዊውን ዘመን ለማወቅ ብቻ ነበር የተማርሁት። እትዬ ግን እንደ ራሷ ቤት ታሪክ ነበር የምትናገረው፤ «ያን ሁሉ ዘመን ጠበቀ እኮ፣ አዳም» ስትል ድምፅዋ የዘመድ ሐዘን ያለበት ሰው ድምፅ ነበር። ጾሙ ከምግብ መከልከል በላይ ከእነዚያ ጠባቂዎች ጋር አብሮ መቀመጥ መሆኑን ያን ምሽት ተረዳሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን፦ የኖላዊ ሰንበት

ከልደት በፊት ያሉት ሦስት ሰንበታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ይባላሉ። ኖላዊ እረኛ ማለት ነው፤ በዕለቱ ስለ መልካሙ እረኛ የሚናገረው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ይነበባል፣ ዲያቆኑም «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ» ብሎ ምስባኩን ያዜማል። እትዬ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችኝና በጨለማ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሣሩ ላይ ውርጭ ነበር፤ እርምጃችን ይሰማል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ያን ቀን ያየሁት ነገር ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያበራልኝ ነው። ከመቅደሱ በስተምሥራቅ አንዲት ትንሽ ቤት አለች፣ ጭስ ከጣራዋ ይወጣል። ዐሥራ ሦስት ዓመት ያህል የሚሆነው ዲያቆን ውኃ ይዞ ገባ፤ በሩ ወዲያው ተዘጋ። ከዚያ የሚጋገር ስንዴ ሽታ መጣ። ከማታ ጀምሮ ምንም ላልቀመሰ ሰው ይህ ሽታ እንዴት እንደሚሆን መናገር ይከብዳል፤ ሆዴ ሳይሆን ዐይኔ ነው ያለቀሰው። አጠገቤ የቆሙ አንዲት እማሆይ ፊቴን አይተው ኖሮ «ቤተ ልሔም ናት» አሉኝ።

ስሙን አውቀዋለሁ። በሄድሁበት ደብር ሁሉ ቤተ ልሔም አለ፤ ለመሥዋዕት የሚቀርበው ኅብስት የዕለት የዕለቱ የሚዘጋጅበት ቤት ነው። ነገር ግን እማሆይ «ቤተ ኅብስት ማለት እኮ ነው፤ ጌታ የእንጀራ ቤት ተብላ በተሰየመች ከተማ ተወለደ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ስም ለዚህች ለእንጀራ ቤት ሰጠቻት» ሲሉኝ፣ ዘመኔን ሙሉ በአጠገቧ ሳልፍ እንደ ዕቃ ቤት እቆጥራት የነበረችው ጎጆ ወንጌል ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ነቢዩ ሚክያስ ከይሁዳ አእላፋት መካከል ታናሽ ናት ያላት ያች ከተማ በየደብሩ በስተምሥራቅ ቆማለች ማለት ነው። ጥቂት ቆይቶ ቃጭል ተሰማ። ዲያቆናቱ ኅብስቱን በመሶበ ወርቅ ይዘው፣ ጥላ ተዘርግቶላቸው፣ ከቤተ ልሔም ወደ መቅደስ ሲሄዱ ሰው ሁሉ እንደ ነፋስ እንደነካው ስንዴ ጎንበስ አለ። ጌታ ራሱን የሕይወት እንጀራ ብሎ መጥራቱን አውቃለሁ፤ የተኛውም እንስሳት በሚበሉበት ግርግም ላይ መሆኑን አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የሚበላ ሆኖ በመመገቢያ ላይ ተኛ።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬን ተሰናብቼ ወረድሁና ከቀትር በኋላ በየካ በኩል ወደ ዋሻ ሚካኤል አቀናሁ። ከድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራው ይህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ጋር ይያያዛል። መንገዱን አውቃለሁ ብዬ ብቻዬን ስገባ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጠፋሁና አንድ ሰዓት ያህል ተንከራተትሁ፤ ስልኬም ባትሪው አልቆ ነበር። በመጨረሻ ሰባት በጎች የሚጠብቅ የዐሥር ዓመት ልጅ አገኘሁ። «በጎቼን ትቼ አልሄድም» አለኝ፣ እኔም ትክክል መሆኑን ነገርሁት፤ ስለዚህ በጎቹን እየመራ፣ እነሱ ሲግጡ እየቆምን፣ ቀስ ብለን ስምንታችንም ከኋላው ተከትለነው ደረስን። ከኪሴ ሃያ ብር ሳወጣለት የፈለገው ከረጢቴ ውስጥ ያለውን ቆሎ ነበርና ሁለቱንም ሰጠሁት።

ድንጋዩን ዘመን ጎድቶታል። በጠባቡ መግቢያ ጎንበስ ብዬ ስገባ እርጥብ አለት ሸተተኝና በፍልስጥኤም ቤተ ልሔም ያለው የልደት ቤተ ክርስቲያን ትዝ አለኝ። እሱም የተሠራው ጌታ ተወለደበት ከሚባለው ዋሻ በላይ ነው፤ መግቢያው የትሕትና በር ይባላል፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ስለሆነ ንጉሥም ቢሆን አጎንብሶ እንጂ ቀጥ ብሎ አይገባበትም። ያች የእንጦጦዋ እናት ሸክም ያጎበጣቸው ጀርባ ዐይኔ ላይ መጣ፤ እሳቸው በዚያ በር ለመግባት መጎንበስ አያስፈልጋቸውም። ያን ሌሊት ኮተቤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት አደርሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን፦ ገሀድ፣ ወደ ሰንዳፋ

ከመገናኛ ወደ ሰንዳፋ የሚሄደው ሰው ብዛት መንገዱን ዘግቶት ነበር። ዶሮ እግሯን ታስራ፣ እንቁላል በገለባ ተጠቅልሎ፣ ዘይት በጄሪካን፣ ሁሉም ወደ ወላጁ ቤት ይጓዛል። ረዳቱ የታሪፉን እጥፍ ጠየቀን፤ ጥቂት አጉረመረምንና ከፈልን። ሕዝቡ ሁሉ ወደየትውልድ ከተማው ለመቆጠር የሄደበት ያ የአውግስጦስ ቄሣር ዘመን መንገድ ይህን ሳይመስል አይቀርም።

ካራን አልፈን ለገጣፎ ሳንደርስ የኋላ ጎማችን ፈነዳ፤ ትርፍ ጎማውም አየር አልነበረውም። ከሁለት ሰዓት በላይ በመንገዱ ዳር ተቀመጥን። ከአጠገቤ የነበረችው ወጣት ሕፃን አቅፋ ወደ ባሏ ወላጆች ቤት የምትሄድ ነበረች። ጾመኛ መሆኔን ስታውቅ ልትበላው የነበረውን ብስኩት መልሳ ከተተችው፤ አማኝነቷ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መሆኑንና እነሱም በዚያው ሌሊት ለአምልኮ እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ። ስለ ምን ስለ ምን እንደማንስማማ ሁለታችንም እናውቅ ነበር፤ አላነሣነውም። ልጇ ፀሐዩ ሲበዛበት ማልቀስ ጀመረና ጋቢዬን እንደ ድንኳን ይዤ ቆምሁለት። «ማርያምም እንዲህ መንገድ ላይ ሆና ምጡ ቢመጣባትስ ብላ ፈርታ ይሆናል» አለች፣ ልጇን እያጠባች። እናት ያልሆነ ሰው ይህን አያስበውም። ሕፃኑ እስኪተኛ ድረስ ክንዴ ዝሎ ጋቢውን ከግራ ወደ ቀኝ እቀያይር ነበር።

ለገዳዲን አልፈን ሰንዳፋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከዚያ በባጃጅ 60 ብር ከፍዬ፣ ባጃጁ የማይሄድበትን ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄጄ፣ የሥራ ባልደረባዬ ወላጆች ቤት ደረስሁ። አባባና እማማ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እያቀላቀሉ ተቀበሉኝ፤ እግሬን ካላጠብን ብለውም ታገሉኝ። ማጠቡን ለእማማ ሳይሆን ለልጅ ልጃቸው ፈቀድሁ።

ታኅሣሥ የአውድማ ወር ነው። ከቤቱ ጀርባ የስንዴው ክምር ነበር፤ ዕለቱ ዐማኑኤል ስለሆነ ግን በሬዎቹ አርፈዋል፣ መንሹና ላይዳው በአጥሩ ላይ ተሰቅለዋል። ዐማኑኤል ማለት እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት መሆኑን ሁላችንም እንላለን። አባባ በዚህ ቀን በሬዎቻቸውን አይጠምዱም፤ «እሱ ከእኛ ጋር ሊሆን ሲመጣ እኛ ሥራ ላይ ሆነን እንዴት ይሆናል?» አሉኝ። አውድማውን ሲያሳዩኝ ተጎንብሰው አንድ የስንዴ ዘለላ አነሡና በመዳፋቸው አሹት። ፍሬውን በአንድ እጃቸው፣ ገለባውን በሌላው ያዙ። «ከዚህ አንድ ቁና ለቤተ ልሔም ሰጥቻለሁ፤ ለዛሬ ሌሊቱ ቅዳሴ» አሉ። ገለባውንስ ስላቸው «እሱማ የላሚቱ ነው» ብለው ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ጋጣው ከመኖሪያው ጋር በአንድ ጣራ ሥር፣ ከፍ ካለ አጥር ማዶ ነበር። አንዲት ላም፣ አንድ ጥጃ፣ አንዲት አህያ። ግርግሙ ከወፍራም ግንድ የተፈለፈለ ነው፤ ጠርዙ ለዓመታት የከብት አንገት ሲያሸው ጠቁሮና ለስልሶ እንደ ቅቤ የተቀባ ቆዳ ሆኗል። እጄን አሳረፍሁበት። ሞቅ ያለና እርጥብ ነበር፣ የላሚቱ ምራቅ ነው፤ የደረቅ ሣርና የወተት፣ ደግሞም የሽንት ሽታ አለው። አባባ ገለባውን ጨመሩበትና ላሚቱ እጄን በትንፋሿ እየገፋች መብላት ጀመረች። ኢሳይያስ በሬ ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ ማወቃቸውን ሲናገር፣ የአባቶቻችንም ትውፊት አህያና ላሟ ለሕፃኑ ትንፋሻቸውን ገበሩለት ሲል የማስበው ሥዕል ንጹሕ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ እንዳለው። እዚህ ግን ያ ትንፋሽ እጄ ላይ ነበር። ይህን ሽታ መርጦ መጣ። ከአባባ መዳፍ የተለያዩት ፍሬና ገለባ አንዱ ወደ መቅደስ፣ አንዱ ወደ ግርግም ሲሄዱ አይቼ፣ ሁለቱም ያው የአንድ ዘለላ ልጆች መሆናቸውን እያሰብሁ ብዙ ጊዜ ቆምሁ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስኪሆን ድረስ መደቡ ላይ፣ ገለባ የተሞላ ፍራሽ አንጥፈውልኝ፣ ጋደም አልሁ። ገለባው በጋቢው ውስጥ አልፎ ጎኔን ይወጋኝ ነበር፤ በዞርሁ ቁጥር አዲስ ስፍራ ያገኛል። ከአጥሩ ማዶ ላሚቱ ስታመነዥክ ይሰማል፣ ሙቀቷም እስከ እኔ ይደርሳል። አልተኛሁም፤ መተኛትም አልፈለግሁም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፦ ልደት

በእርሻው መካከል ባለች ቀጭን መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስንሄድ ጨለማው ድፍን ነበር። ባትሪ ይዤ አልመጣሁምና አንድ ቦይ ስሻገር እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ገባሁ። ከየአቅጣጫው ነጭ የለበሱ ሰዎች እየመጡ ይቀላቀሉናል፤ ደጁ ስንደርስ ጧፍ ከጧፍ እየተቀበልን አበራን። ውስጥ ማኅሌቱ ተጀምሮ ነበር። መሪጌታው መቋሚያቸውን ይዘው፣ ደባትሩ ጸናጽሉን እየጣሉ፣ ከበሮው ቀስ እያለ ሲፈጥን፣ ከየቤታቸው ዱላ ይዘው የመጡት እረኞችም ከኋላ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። መቋሚያውና ዱላው በጧፉ ብርሃን እኩል ጥላ ነበራቸው።

ቄሰ ገበዙ ያስተማሩት አጭር ነበር። ወልድ ሁለት ልደታት እንዳሉት፣ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ማርያም ያለ አባት መወለዱን፣ ሁለተኛውም ልደት የመጀመሪያውን እንዳላጎደለው በአማርኛ ተናግረው በኦሮምኛ ደገሙት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የመጀመሪያውን ማንም አላየም፤ ሁለተኛውን መጀመሪያ ያዩት ማታ በግ የሚጠብቁ ናቸው» አሉ። ከኋላዬ አንድ ሽማግሌ «እሰይ» ሲሉ ሰማሁ።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ቃጭሉ ተሰማ። እዚህ ያለችው ቤተ ልሔም የሣር ክዳን ያላት ጎጆ ናት። ዲያቆናቱ ከዚያ ወጥተው በአጠገባችን ሲያልፉ ሰው ሁሉ በግንባሩ ተደፋ። አባባም ከጎኔ ተደፉ፤ ስንዴው ከእጃቸው የወጣ ነው፣ ኅብስቱ ሆኖ ሲያልፍ ግን ቀና ብለው አላዩትም። እጃቸው ከጉልበታቸው አጠገብ መሬት ላይ ነበር፣ ትናንት ዘለላውን ያሹበት መዳፍ፣ ጥፍራቸው ሥር አፈር አለበት። ካህኑ ለሰዎች ሲያቆርቡ በዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልደትና ቁርባን አንድ ነገር መሆናቸውን፣ በግርግም የተኛው ያው በመሶበ ወርቅ የሚመጣው መሆኑን ግን በዚያች ሌሊት፣ የአባባን እጅ እያየሁ ነው ያመንሁት፤ ማወቅንስ ከዚያም በፊት አውቀው ነበር።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ቅዳሴው አለቀና እልልታው እርሻውን ሞላው። ቤት ስንመለስ እማማ ዶሮውን አቀረቡ። ከአርባ አራት ቀን በኋላ ቅቤ ሲነካን ሁላችንም ዝም አልን።

ረፋዱ ላይ ቅርጫ ነበር። ዐሥር ቤት ሆነው በ95,000 ብር የገዙትን በሬ አርደው በቅጠል ላይ ሲመድቡ ቆጠርሁ፤ መደቡ ዐሥራ አንድ ሆነ። ዕጣ ከመውጣቱ በፊት አንዱን አንሥተው ባሏ ለሞተባት ጎረቤት ላኩላት፣ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ማንም ሳያውቅ፤ እንዲህ ከሆነ መጥፎው ለእሷ አይደርስም። በእኛ ሰፈርም ቅርጫ እንገባለን፤ ዐሥራ አንደኛ መደብ ግን አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ወጣቶቹ ሜዳው ላይ የላይ ቤትና የታች ቤት ተባብለው ገና ተጫወቱ። እረኞቹ የምሥራቹን ሰምተው በደስታ በዱላቸው ሩር መተው ነበር የሚለው ትውፊት እዚህ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ የሚጫወቱት ራሳቸው እረኞች ናቸው። የወይራ ዱላ ሰጥተው አስገቡኝ፤ ብዙም ሳልቆይ ሩሯ ቅልጥሜን መታችኝና እያነከስሁ ወጣሁ። የመታኝ ልጅ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሮጥ አባባ ከዳር ሆነው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» አሉት። ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ የሚሮጡበት ቀን ስለሆነ ነው አባባሉ የተባለው። በሰማይና በምድር ጌታ የሆነው ራሱ ወደ ሎሌዎቹ ሜዳ በወረደበት ቀን ማን ቀድሞ ይቆጣል?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን፦ ወደ ቤት

ዕለቱ ጾም ስለሆነ እማማ ከአዲሱ ስንዴ የጋገሩትን ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልለው ሰጡኝ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሰንዳፋን ለቅቄ ሰሚት እስክደርስ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ደረጃውን ስወጣ ሽታው ቀድሞኝ ነው መሰለኝ የጎረቤቴ የስድስት ዓመት ልጅ በሯን ከፍታ ጠበቀችኝና ተከትላኝ ገባች። ዳቦውን ቆርሼ ሰጠኋት። እየበላች የጋቢዬን ጠርዝ ስትነካካ አንድ ገለባ መዝዛ አወጣችና «ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

ላም የምትበላው ነው አልኋት። ጌታም ሲወለድ የተኛው እንዲህ ያለው ላይ መሆኑን ነገርኋት። ገለባውን ጉንጯ ላይ አድርጋ ወዲያው አነሣችው።

«አይኮሰኩሰውም ነበር?»

በአምስቱ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ጎኔ ግን ያውቀው ነበር።

«ይኮሰኩሰው ነበር» አልኋት።